የጉድጓዱ ጥፋት በመሬቱ ላይ እንዳይላከክ



«በዚህ ሥፍራ የተቆፈረው ጉድጓድ በቂ ውሃ የለውም» የሚል መዝገብ አንድ ቀን በጠረጴዛችሁ ላይ ይቀርብላችሁ ይሆናል። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም ውሃ ያጣው መሬቱ ነውን፥ ወይስ ያለውን ውሃ መቀበል የተሳነው ጉድጓዱ? ሁለቱ በአንድ ቁጥር ተደባልቀው ስለሚጻፉ፥ ደኅና ሥፍራ ተጥሎ ለሌላ ቁፋሮ ሌላ ገንዘብ ሊወጣ ይችላል።

የመሬት ውስጥ ውሃ የሚፈተነው በፓምፕ ነው። ውሃው በተወሰነ መጠን እየተሳበ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በየጊዜው ይለካል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ቻርልስ ታይስ የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው ስሌት፥ ከዚህ ልኬት ተነሥቶ የመሬቱን ውሃ የማስተላለፍ ኃይል ለማወቅ አስችሏል። ነገር ግን ስሌቱ ጉድጓዱን እጅግ ቀጭን፥ ውሃ ያዘለውንም ንብርብር ከላይ እስከ ታች የወጋ አድርጎ ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር አይገኝም።

አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው በአቃቂ በኩል ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። በዚያ ያለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ሲሆን፥ ውሃው የሚሄደው በስንጥቁና ቀዳዳ በበዛበት ጠጠር መካከል ነው። እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ የመቆፈሪያው ጭቃ በስንጥቁ ገብቶ ሳይታጠብ ቢቀር፥ ወይም ወንፊት ያለው ቧንቧ ውሃው ከሚፈልቅበት ጥልቀት ትይዩ ባይውል፥ ውሃው ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ተጨናንቆ ነው።

ይህን ለመለየት ጄኮብ የተባለው ሌላው አሜሪካዊ በ1947 ያስተማረው መላ አለ። እንበልና በሴኮንድ 5 ሊትር ሲሳብ ውሃው 6 ሜትር ወረደ፤ 10 ሊትር ሲሳብ ግን 12 በመሆን ፈንታ 16 ሜትር ሆነ። መሬቱ የሚያመጣው ዝቅታ የሚሳበው ውሃ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ይሆናል፤ ውሃው በወንፊትና በቧንቧ ሲተራመስ የሚመጣው ግን አራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ከ16ቱ ሜትር 8ቱ የመሬቱ፥ 8ቱ የጉድጓዱ ዕዳ ነው ማለት ነው። (በእውነተኛው ሥራ ሁለት ደረጃ አይበቃም፤ ሦስት አራት ጊዜ መጠኑ ከፍ እየተደረገ ይሞከራል።) ይህ ሳይለይ ፓምፕ የሚገዛ ሰው በጨለማ እንደሚገዛ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መልካም መስሎ የሚታየው ውጤት ነው። በቧንቧውና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ በሲሚንቶ ካልተደፈነ፥ የላዩ ውሃ በጎን እየሾለከ ይገባና ጉድጓዱ ባለጸጋ ይመስላል። በከተማ የላዩ ውሃ ምን እንደሚያዘንብ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልኬትም አያስተማምንም፤ በቅድሚያ የሚወጣው በቧንቧው ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ውሃ ነውና። እንግዲህ መዝገቡ ሲቀርብላችሁ፥ በአቅራቢያው ሌላ መመልከቻ ጉድጓድ ተለክቶ እንደ ሆነ ጠይቁ። ባይኖር እንኳ ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውሃው ሲመለስ የተጻፈውን ልኬት አስመጡ፤ ያን ጊዜ በወንፊቱ የሚተራመስ ውሃ ስለሌለ የመሬቱ ጠባይ ጠርቶ ይታያል። ለዚህም የሚያስፈልገው መለኪያ ገመድ፥ ሰዓትና ሌሊቱን የማይተኛ አንድ ሰው ነው።