የሚንሸራተት በር ብረቶች



ዛሬ የምንነጋገረው በሀዲድ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ስለሚንሸራተት በር ነው። በአሜሪካ ገበሬዎች ለከብት በረትና ለድርቆሽ ማከማቻ ሲጠቀሙበት የኖሩ ነው። በእኛም አገር ወደ ጎን የሚሄድ በር በመጋዘንና በግቢ መግቢያ ላይ እናያለን። ጥቅሙ ግልጥ ነው። በማጠፊያ የሚከፈት በር ሲዞር ቦታ ይፈልጋል፤ ይህኛው ግን ግድግዳውን ታኮ ይሄዳል። ቤቱ ለጠበበው ሰው ደግ ነገር ነው።

ታዲያ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ላይ ያለው ብረት ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤት የጓዳው በር እንዲህ ተሠርቶ ነበር። አናጢው በሀዲዱ ጫፍ ማቆሚያ አላደረገበትም። «ማን እስከዚያ ይገፋዋል?» አለ። ታናሽ እህቴ ገፋችው። በሩ ከሀዲዱ ወጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ፤ ሁለት ወር ሙሉ አነከሰች። ስለዚህ ዕቃውን ስትገዙ ከመዘውሩ አስቀድማችሁ «ማቆሚያው የታል?» በሉ። በግራና በቀኝ ሁለት ያስፈልጋል። መዘውሩ ዘሎ እንዳይወጣ በበሩ አናት ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ነገርም አለ። ትንሽ ስለሆነች «ትርፍ ናት» ብለው የሚጥሏት አሉ። አትጣሏት።

ቀጥሎ ክብደቱን እናስላ። የተማርነው ማባዛት እዚህ ይጠቅመናል። በሩ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 1 × 2 × 0.04 = 0.08 ሜትር ኩብ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ጣውላ 1 ሜትር ኩቡ 800 ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ 0.08 × 800 = 64 ኪሎ ነው። ላሜራ ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል፤ ቱቦላሬው ለብቻው ይደመራል። እንግዲህ ነጋዴው «60 ኪሎ ይችላል» ቢላችሁ ለባሕር ዛፉ በር አይሆንም። 100 ኪሎ የሚችለውን ውሰዱ፤ በር ይገፋል፣ ልጅም ይንጠለጠልበታል።

ሀዲዱ የበሩን ወርድ ሁለት እጥፍ ይርዘም። ለ1 ሜትር በር 2 ሜትር ማለት ነው። በጎኑም በሩ ተከፍቶ የሚቆምበት ባዶ ግድግዳ ይኑር። የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጉ ላይ ብሎን አትምቱ፤ አይዝም። ከመቃኑ በላይ ወፍራም ሳንቃ ከቋሚዎቹ እንጨቶች ጋር ይታሰርና ሀዲዱ እሱ ላይ ይግባ። ብሎኬትም ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ ከጊዜ በኋላ ይነቀላል፤ ድፍን ኮንክሪት ያለበትን ፈልጉ። ሲሰቀል በውሃ ልክ ይለካ። ካዘነበለ በሩ ብቻውን ይሄዳል።

መዘውሩን በጣታችሁ አሽከርክሩት። ኩሽኔታው ከተንቋቋ ተዉት። የፕላስቲኩ ድምፅ የለውም፤ ለከባድ በር ግን የብረቱ ይሻላል። ከታችም በሩ እንዳይወዛወዝ ወለሉ ላይ መያዣ ይደረግለታል።

ለሽንት ቤት ግን እኔ አልመክርም፤ በሩና ግድግዳው መካከል ክፍተት ስላለ ሽታም ድምፅም ያሳልፋል። ለመቆለፍም ተራው ቁልፍ አይሆነውም፤ መንጠቆ ያለው ይፈልጋል።

ግራሶ ሀዲዱ ላይ አትቀቡ፤ አቧራ ይሰበስባል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።