የባት ጡንቻና የቦንጋ ዳገት

ደምን የሚያዞረው ልብ ብቻ ይመስለናል። በዕረፍት ላይ ያለ የጎልማሳ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ ደሙ በደም ቅዳ ሄዶ ኦክስጅንና ምግብ ካደረሰ በኋላ በደም መልስ ይመለሳል። ከእግር የሚመለሰው ግን ሽቅብ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ የባት ጡንቻ ይደርሳል፦ በተራመድን ቁጥር እየተኮማተረ ደም መልሶችን ይጨምቃል፤ በውስጣቸው ያሉት ትንንሽ መዝጊያዎችም ደሙ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ያግዱታል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ሰው እግሩ የሚከብደውና የሚያብጠው ይህ እገዛ ስለሚጎድል ነው።

መንቀሳቀስ ያስፈልጋል ስንል «የካፋ ገበሬ ከቡና ጫካ እስከ ገበያ ዳገት ሲወጣ ይውላል፤ ስፖርት ምን ይጨምርለታል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ለእርሱ ሥራው ራሱ እንቅስቃሴ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በካፋዋ ቦንጋ ከተማ ውስጥ በቢሮ፣ በሱቅ ወይም በባጃጅ ተቀምጦ የሚውለው ነው። «ልብን ማሠራት ያደክመዋል» የሚለው ስጋትም አያሳምንም፤ የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ በዕረፍት ጊዜ ዝግ ብሎ ይመታል፣ የደም ግፊትም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይሞላዋል። ሲራመድ ደረቱን የሚያመው ሰው ግን አስቀድሞ በገብረጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይመርመር።