የግራ እጅ ጉርሻ

እሷ፦ አጎቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ስሜን መጥራት አቃታቸው። «አቡነ ዘበሰማያት»ን ግን አንድ ቃል ሳይገድፉ ይደግማሉ! ቤተሰቡ «ጃጅተዋል» ብሎ ደመደመ።

እሱ፦ መጃጀት አይደለም እኮ። የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ቃል ፈልጎ ማውጣት ይከብዳል፤ በቃል የተያዘ ጸሎትና ዜማ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ፖል ብሮካ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1861 እ.ኤ.አ. «ታን» ከማለት በቀር መናገር ይሳነው የነበረን ሰው አንጎል መርምሮ፣ ጉዳቱን ያገኘው በግራ በኩል ነው።

እሷ፦ የንግግር ባለሙያዋ ግን መጀመሪያ ያየችው ውሃ አጠጣጣቸውን ነው። ትን ሲላቸው እኛ ማጅራታቸውን መታ መታ ማድረግ ነበር ሥራችን።

እሱ፦ የመዋጥ ችግርም የንግግር ባለሙያዎች ሙያ ነው። ውሃው ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

እሷ፦ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምደው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ደግሞ «ምን መሥራት ናፈቅዎት?» አላቸው። በእጃቸው መጉረስን አሳዩ።

እሱ፦ ሸሚዝ መልበስ መስሎኝ!

እሷ፦ እሱንም አስተማራቸው፤ ሲለብሱ የደከመው እጅ ይቀድማል፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይወጣል። የከበደው ማዕዱ ነው። ቀኛቸው ደክሟል፤ በግራ መብላት ደግሞ ነውር ነው ብለው እምቢ አሉ፤ አክስቴም፣ ራሳቸው እንዲለምዱ ማጉረስ ብትከለከልም፣ አንጀቷ አልችል እያለ ታጎርሳቸዋለች።

እሱ፦ ማጉረስ ሲከለከል አስቢው!

እሷ፦ አንድ ቀን እጇን ገፋ አደረጉና በግራቸው ጠቀለሉ። ወጡ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ጉርሻውን ግን ለራሳቸው አላደረጉትም፤ እሷን አጎረሷት።