የባሕር ኃይሉ ሰው፦ አድሚራል እስክንድር ደስታ
(ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በነበረን የወጣቶች መድረክ ያቀረብኩት ንግግር ነው)



ስለ ቀይ ባሕር ፖስት ሳናደርግ የምንውልበት ቀን የለም። ጥሩ ነው። ግን ባሕር ኃይላችንን ከመሩት ሰዎች የአንዱን ስም ጥሩ ብትባሉ ስንቶቻችሁ ትጠራላችሁ? ዛሬ አንዱን ላስታውሳችሁ። ለሐዋሳም ባዳ አይደሉም።

ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ በ1926 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞ ገዥ ነበሩ። ጣሊያን ሲወረን በደቡብ ግንባር ጦር መሩ፤ ከማይጨው በኋላም እጅ አልሰጥም ብለው ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 1929 ተይዘው ተረሸኑ። ልጃቸው እስክንድር ያኔ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የእስክንድርን እኅት ልዕልት አይዳን ያገቡት ደግሞ ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው። አዎ፣ የሲዳሞ ገዥ ሆነው በ1952 ዓ.ም. ይህችን ከተማ የቆረቆሩት!

እስክንድር እንግሊዝ አገር ተምረው፣ የባሕር ኃይል ትምህርታቸውንም እዚያው ዳርትማውዝ ተከታትለው ተመለሱ። ኤርትራ በ1945 በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ተቋቁሟል። የኖርዌይ መኮንኖች ያሠለጥናሉ፤ በ1954 ደግሞ "ኢትዮጵያ" የተባለችው ትልቋ መርከብ ከአሜሪካ መጣች። በባሕር ኃይል ቀን ጃንሆይ ምጽዋ ይወርዳሉ፤ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም በእንግድነት ይመጣሉ። እስክንድር የዚህ ኃይል ምክትል አዛዥ ሆኑ።

ታዲያ መጨረሻቸው ምን ሆነ? በ1966 ሠራዊቱ ሲያምጽ የምጽዋ መርከበኞችም አመጹ። ቅሬታቸው እውነተኛ ነበር። ደርግ ግን ጥፋተኛ ነው ያለውን ሁሉ ፍርድ ቤት አላቀረበም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከእነ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር ረሸናቸው። አርባ ዓመታቸው ነበር። አባትን ፋሽስት ገደለ፤ ልጅን ማን ገደለ? እኛው!

የባሕር ኃይሉም ዕጣ ብዙ አልራቀም። የካቲት 1982 ምጽዋ ተያዘች፤ በ1983 የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ተሰደዱ። "ኢትዮጵያ" መርከብ እንኳ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ወገኖቼ፣ መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ መርከበኛ ግን በብዙ ዓመት ትምህርትና ልምድ ነው የሚገኘው። የተማረ ሰውን ያለ ፍርድ እየገደለ ባሕር የሚያስከብር አገር የለም። ዛሬም ከኛ ሐሳብ የተለየውን ሁሉ "ባንዳ" ስንል፣ ያቺን ሌሊት እናስብ።

ባሕር ኃይላችን ከ2010 ወዲህ እንደገና እየተደራጀ ነው። የድሮዎቹ መርከበኞች ግን እያረጁ፣ እያለፉም ነው። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ተመርቄ ሥራ የለኝም፤ ስልክና ጊዜ ግን አለን። በየሰፈራችሁ አንድ የቀድሞ ባሕር ኃይል አባል ፈልጉ። "አባባ፣ ያዩትን ይንገሩኝ" በሉ፤ ቅዱት፤ ለዚህ ገጽ ላኩት። ከመቶ መፈክር አንዱ ምስክርነት ይበልጣል።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!