የመርሳት በሽታና የአስታማሚው ሸክም



መሐንዲስ የሆነ ሰው ስለ አንጎል በሽታ ለመናገር መነሣቱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። የሕክምናውን ጥበብ ለባለሙያዎቹ ትቼ፣ በቤተ ሰባችን ከደረሰው በመነሣት አንድ ጉዳይ ብቻ ላመለክት እወዳለሁ፤ ይኸውም የበሽታውን ስም በጊዜ ማወቅ ከታማሚው አልፎ ለአስታማሚውም ክብር የሚበጅ መሆኑ ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ሴትዮዋ የቅርቡን ነገር ትረሳለች፤ ባሏንም ያለ ምክንያት ትጠረጥር ነበር። በ1906 በሞተች ጊዜ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ በነርቭ ሕዋሶቹ መካከል የተከማቸ ባዕድ ነገር፣ በውስጣቸውም የተጠላለፈ ክር መሰል ነገር አገኘ። በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ሐኪም በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ «ጃጅተዋል» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ብዙውን ጊዜ በሽታ እንጂ የዕድሜ ብዛት ብቻ አይደለም።

አያቴ በወጣትነታቸው በመንገድ ሥራ ካቦ ነበሩ። በሽታው ሲጀምራቸው ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ ከ50 ዓመት በፊት ያሠሩት ድልድይ ስንት ቀን እንደ ፈጀ ግን አይስቱም። ዘመዶቻችንም «የሚረሱት የፈለጉትን ብቻ ነው» ይሉ ጀመር። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በሽታው አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር ተቀብሎ የሚያኖረውን የአንጎል ክፍል ስለ ሆነ፣ የቆየው ትዝታ ለጊዜው ይተርፋል።

የከፋው ነገር የደረሰው በኋላ ነው። አያቴ ራሳቸው የሸሸጉትን ገንዘብ ባጡት ጊዜ፣ ሌት ተቀን የምታስታምማቸውን ልጃቸውን፣ ማለትም እናቴን፣ «ሰረቀችኝ» እያሉ ለጠያቂው ሁሉ ተናገሩ። ወንድሞቿም አምነው ሽማግሌ እስከ መጥራት ደረሱ። ገንዘቡ ከአሮጌ ካፖርታቸው ገበር ውስጥ ቢገኝም፣ ቅሬታው ከቤት አልወጣም። እናቴ ግን ሌሊት «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ብለው ሲነሡ በሩን ትጠብቅ ነበር። በመጨረሻም ታላቅ እኅታቸው መስላቸው «እትዬ» እያሉ ሲጠሯት፣ «አቤት» ትላቸው ነበር እንጂ አላረመቻቸውም።

ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሲነግረን ፈውስ አላገኘንም። በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት እንኳ ገና የጀመረውን በሽታ በመጠኑ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ነገር ግን ያለ ምክንያት መጠርጠር ራሱ የበሽታው ምልክት መሆኑን አጎቶቼ በሰሙ ጊዜ የእናቴ ስም ጠራ። ታላቁ አጎቴ እግሯ ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቋት፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን በተራ መጠበቅ ተጀመረ።

ምርመራ ሌላም ጥቅም አለው። መዘንጋት ሁሉ አልዛይመር አይደለም፤ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ ወይም ጽኑ ትካዜ የሚያመጣው መዘንጋት ሊታከም ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች በልዩ ልዩ የመርሳት በሽታዎች የተያዙ ሲሆን፣ ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው። የምንሠራው ቤት ከመኝታ እስከ መጸዳጃ የሌሊት መብራት፣ በቀለም የተለየ የመጸዳጃ በር፣ በደረጃው ዳር መደገፊያ ቢኖረው ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሕንፃ ክብደት በሙሉ በአንድ ምሰሶ ላይ እንዲያርፍ የማንፈቅድ ሰዎች፣ የአባትና የእናት ሕመም በአንዲት እኅታችን ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ ዝም ልንል አይገባንም። በቤታችሁ «ሰረቀችኝ» የሚል የአረጋዊ ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ከሽማግሌ በፊት ሐኪም ጥሩ።