የአስተማሪ እጅ በተማሪ ላይ ባረፈ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

(ለዕጩ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ ቅጣት ጥቅምና ጉዳት በመምህራን ማሠልጠኛ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ነገር ግን አስተማሪ ንዴት አሸንፎት ተማሪውን በክፍል ውስጥ ከመታ፣ ከገፈተረ ወይም በኮሌታው ይዞ ከጎተተ በኋላ፣ በዚያች ሰዓት ማን ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚነገረው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚያች ሰዓት ነው።

በቀድሞው ዘመን ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይል ነበር። አለንጋና አርጩሜ እንደ ፊደል ገበታው ሁሉ ከትምህርት መሣሪያ ይቆጠሩ ነበር። ሕጉም ከልማዱ ጋር ይስማማ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039፣ አስተማሪ በተማሪው ላይ በመጠኑ የፈጸመው የአካል ቅጣት እንደ ጥፋት እንዳይቆጠር ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36፣ ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደነገገ። ጎረቤቶቻችንም በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኬንያ በ2001፣ ዩጋንዳ በ2016 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ከልክለዋል። ይሁን እንጂ ሕግ በክፍል በር ገብቶ የተነሣን እጅ አይዝም። ያን ማድረግ የሚችለው በአጠገብ ያለ ሰው ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የአስተማሪ እጅ ተማሪን በነካ ቍጥር በደል ሆነ ማለት አይደለም። ሁለት ልጆች ሲደባደቡ መካከል ገብቶ የያዘ፣ ከመስኮት ሊወድቅ ያለውን ሕፃን የሳበ፣ የጀማሪውን ጣት ይዞ የእርሳስ አያያዝ ያሳየ አስተማሪ ሥራውን ሠራ እንጂ አልበደለም። መለያው ይህ ነው፦ እጁ የተዘረጋው ልጁን ከጉዳት ለማዳን ነውን፣ ወይስ የአስተማሪውን ንዴት ለማብረድ? ለማዳን የተዘረጋ እጅ አደጋው ሲያልፍ ይለቃል። የንዴት እጅ ግን ልጁ ዝም ካለ በኋላም ይጨብጣል።

እንግዲህ ለማስተማር ልምምድ የተላከ ዕጩ መምህር በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ሳለ፣ በዕድሜም በሥራም የሚበልጠው አስተማሪ አንዱን ልጅ በኮሌታው ይዞ ከግድግዳ ሲያጋጨው ቢያይ ምን ያድርግ? ታላቁን በተማሪ ፊት መገሠጽ ነውር ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ልጁን መተው ነው። በሁለቱ መካከል ግን መንገድ አለ። ተነሥቶ ወደ ፊት ሄዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ፤ ክፍሉን እኔ ልያዘው» ሊል ይችላል። ይህ ቃል ክብር አይነካም፤ እጁን ግን ያስለቅቃል። ቀጥሎ ልጁ ከክፍል ወጥቶ፣ ከሚያምነው አስተማሪ ጋር ይቀመጥ፤ ጉዳት እንዳለበት ይታይ፤ ካለበትም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የዲሬክተሩ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። የልጁን ቃል፣ የአስተማሪውን ቃል፣ ያዩትንም ልጆች ቃል ለየብቻ ተቀብሎ በዚያው ቀን ይጻፍ። «ቀጣው» ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ምንም አይናገርም፤ «በግራ እጁ ኮሌታውን ይዞ ከግድግዳ አጋጨው» የሚል ግን ይናገራል። ወላጅም ልጁ ቤት ከመግባቱ በፊት ነገሩን ከትምህርት ቤቱ ይስማ። አስተማሪውም ቢሆን በክብር ይደመጥ። ምናልባት ሰባ ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀውበት፣ በሁለት ፈረቃ ሲያስተምር የዋለ ሰው ይሆናል። ይህ የድካሙን ምክንያት ያስረዳል፤ የእጁን ሥራ ግን አያጸድቅም።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ሽምግልናው ነው። ሽምግልና የሀገር ጌጥ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚታረቁት ዲሬክተሩ፣ አስተማሪውና አባቱ ናቸው፤ ልጁ በደጅ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ይጠራና የመታውን ሰው ጉልበት ስሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ይታዘዛል። እንዲህ ሲሆን የተመታው ለማኝ፣ የመታው ይቅር ባይ ይሆናል። ይህ ዕርቅ የሚያተርፈው የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ዕርቅ ከመዝገቡ በኋላ እንጂ በመዝገቡ ፈንታ አይምጣ፤ ይቅርታውንም የሚጀምረው የመታው ይሁን።

ደግሞም በዚያ ክፍል የነበረው አንድ ልጅ ብቻ አልነበረም። የቀሩት ሁሉ አይተዋል፤ ያዩትም ኀይል ያለው ሰው ሲናደድ መምታት እንደሚችል ነው። በፊታቸው የፈረሰው በፊታቸው ካልተሠራ፣ በቢሮ የተደረገውን ዕርቅ አያውቁትም። አስተማሪው ወደ ክፍሉ የሚመለስ ከሆነ፣ «ትናንት እጄን ማንሣት አልነበረብኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይበላቸው። «ነገር ግን እርሱም» ብሎ ከቀጠለ የመጀመሪያው ቃል ከንቱ ይሆናል። የልጁ ጥፋት፣ ካለ፣ በሌላ ቀን በሌላ ሰው ይታይ፤ እንዳይረሳም፣ ለምቱም ማመካኛ እንዳይሆን።

እንዲህ ያለው ቃል የአስተማሪን ግርማ ያሳንሳል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ በፍርሃት የቆመ ግርማ አስተማሪው ከበሩ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ታላቅ ሰው ጥፋቱን ሲያምን ያየ ልጅ ግን በየትኛውም መጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት አግኝቷል።

ዕጩ መምህራን ሆይ፤ ያች ሰዓት ስትመጣ ለማሰብ ጊዜ አትሰጥም። ስለዚህ ዛሬ፣ ልብ ጸጥ ባለበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይወስን፦ ከወንበሩ የሚነሣ መሆኑን፣ የሚናገረውንም ቃል።