«ድሪቶ» ስንት ያወጣል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርብላችሁ የገቢና የወጪ ሪፖርት አይደለም፤ እሱ በሚቀጥለው ወር ይደርሳችኋል። የዛሬው ንግግራችን ባለፈው ቅዳሜ አብረን ሄደን ስላየነው የጥበብ ሥራና ከዚያ ይዘነው ስለተመለስነው ጥያቄ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ አንዲት ሴት ብጣሽ ጨርቅ ገጣጥማ የሰፋችው አልጋ ልብስ ስንት ያወጣል?

በአማርኛችን ብጣሽ በብጣሽ ላይ የተደረበ ልብስ «ድሪቶ» ይባላል። ቃሉ ከስድብ አይተናነስም። «ድሪቶ ለባሽ» ሲባል ጎስቋላ ማለት ነው። አባሎቻችን ከየልብስ ሰፊው ደጅ የሰበሰቡትን ቁራጭ በቀለም በቀለሙ ለይተው፣ አጥበው፣ ተኩሰው፣ ገበር አድርገው ሲሰፉ ገዢው ግን «ከቁርጥራጭ ለተሠራ ነገር ይህን ያህል ትላላችሁ?» ይላል። ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ ፍለጋ ነው ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነስተን መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ድረስ የሄድነው።

ዞማን የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቤቶቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ሲሆኑ ግድግዳቸው እንደ ጥልፍ በእጅ ተጊጧል። ከእኛ መካከል ገጠር ያደጉት «ይህማ የእናቶቻችን ልስን ነው» እያሉ በእጃቸው ሊዳስሱት ፈለጉ።

ኤልያስ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ሥራዎቹ በቀለም ብቻ የሚሣሉ አይደሉም። አንዳንዶቹ ሸራ ላይ በመርፌና በክር ጥቅጥቅ ተደርገው የተሰፉ ናቸው። በሌሎቹ ላይ ቁልፍ ይሰፋል፣ ቆርኪ ይደረደራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ፣ የተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ እየፈታ እንጨት ላይ ይገጣጥማል። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ የተያዘ ነው።

ከእናቶቻችን አንዷ አንገታቸውን አዘንብለው ካዩ በኋላ «ይሄ እኮ ምናለሽ ተራ በኪሎ የሚሸጠው ነው!» አሉ። ልክ ናቸው። ኤልያስ ብዙውን ዕቃ የሚሰበስበው ከእኛው መርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ነው። እኛ በየቀኑ የምናልፈው ክምር እሱ ዘንድ ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ሽልማት የተሰጠው ሥራ ሆነ። ዕቃው ያው ነው። የተጨመረው ጊዜ፣ ሐሳብና የሠሪው ስም ነው።

«እሱ ትልቅ ሠዓሊ ነው፤ እኛ ማን ነን?» የምትል እህት ትኖራለች። ለእሷ የምንነግራት የሌሎች ሴቶች ታሪክ አለ።

በአሜሪካ አላባማ ክፍለ ግዛት ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁሮች መንደር አለ። የመንደሩ ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ፣ ከተቀደደ ጂንስና ከየቁራጩ የብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። እነሱ «ክዊልት» ይሉታል፤ እኛ ብናየው ድሪቶ እንለው ነበር። የሚሰፉት ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያ አካባቢ ያሉ ሴቶች «ፍሪደም ክዊልቲንግ ቢ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ጊዜው ጥቁሮች ለመምረጥ ስለተመዘገቡ ብቻ ከሥራና ከመሬት የሚባረሩበት ነበር። ማኅበሩ ብርድ ልብሶቹን ኒው ዮርክ ድረስ ልኮ ሸጠ፤ መሬት ገዝቶ የራሱን የስፌት ማዕከል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2002 የጂስ ቤንድ ሴቶች ሥራ በሂዩስተን፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር ላይ አተመው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። በ2007 ግን ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ ከሥራቸው ከሚገኘው ገቢ የሚገባንን አላገኘንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ነገሩ በኋላ በስምምነት አለቀ። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ጭብጨባና ክፍያ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ሥራው ሙዚየም ቢሰቀልም ማን ሠራው፣ ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ከሽያጩ የማን ድርሻ ስንት ነው የሚለው አስቀድሞ ካልተጻፈ ክርክር አይቀርም።

በአገራችንም ይኸው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ የተሸመኑ፣ አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ የሐር መጋረጃዎች ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየምና በካናዳ ቶሮንቶ ሙዚየም ይገኛሉ። ዓለም ያደንቃቸዋል፤ የሸመኗቸውን ሰዎች ስም ግን የሚጠራ የለም። የሰፈራችን ድልድይም የጦር ሚኒስትር በነበሩት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ይጠራል። ድንጋዩን የጠረቡትን ማን ያስታውሳቸዋል? ጋቢስ ቢሆን? ሸማኔው የሽመናውን ዋጋ ይቆርጣል። ጥጡን የዳመጠችው፣ በደጋን የነደፈችው፣ ባዘቶውን በእንዝርት የፈተለችው ሴት ሰዓት ግን «ቤት ስትውል የሠራችው» ተብሎ ይታለፋል።

አሁን ወደ ሙያችን እንመለስ። እንደ ምሳሌ አንድ የብጣሽ አልጋ ልብስ እንውሰድ። ለብጣሹ፣ ለገበሩና ለክሩ 900 ብር ወጣ እንበል። ሥራው 50 ሰዓት ወሰደ። በ2,000 ብር ተሸጠ። «1,100 ብር አተረፍን» ማለት ይቀላል። ግን 1,100ን ለ50 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 22 ብር ነው። በዛሬ ኑሮ አንድ ስኒ ማኪያቶ አይገዛም። ይህ ትርፍ አይደለም፤ ሴትየዋ ጉልበቷን ለገዢው መርቃለታለች ማለት ነው።

ሰዓቷን በ60 ብር ብናስበው ድካሟ 3,000 ብር ይሆናል። የዕቃው 900 ብር ሲጨመር 3,900፤ ለማኅበሩ አሥር በመቶ፣ ማለትም 390 ብር ሲታከል 4,290 ብር ይመጣል። ዋጋው ይህ ነው።

«በዚህ ዋጋ ማን ይገዛናል? መርካቶ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሞልቶ!» ትሉ ይሆናል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ከፋብሪካ ጋር በዋጋ መወዳደር አንችልም። የአላባማዎቹ ሴቶችም አልቻሉም። እነሱ ያደረጉት ሥራውን ሁለት ቦታ መክፈል ነው። ቶሎ የሚያልቀውን የትራስ ልብስ ለትልልቅ መደብሮች በውል እየሰፉ የየወሩን ቀለብ አገኙበት፤ ትልቁን ክዊልት ደግሞ ለሚያውቅለት ገዢ አቆዩት። እኛም የትራስ ልብሱንና ቦርሳውን ለገበያ፣ አልጋ ልብሱን በትእዛዝና ለኤግዚቢሽን ማድረግ እንችላለን።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ሥራ ካርድ ይኑረው። ካርዱ ላይ የሠሪዋ ስም፣ የዕቃው ወጪና የወሰደው ሰዓት ይጻፍ። መጻፍ የማትችል እናት ካለች ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትጻፍላት፤ እኛም እንረዳለን።

ሁለተኛ፣ የሰዓት ዋጋውን ጉባኤው በድምፅ ይወስን። 60 ብር ያልነው ለምሳሌ ነው። አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ ግን ማንም አባል ገዢ ስለተከራከራት ብቻ ብቻዋን ከዚያ በታች አትውረድ። አንዷ ስትወርድ የሁላችንም ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ ከሽያጩ የሠሪዋና የማኅበሩ ድርሻ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ይፈረም። ፎቶግራፉ በካላንደር ወይም በፖስት ካርድ ቢታተምም ውሉ ይህንን ያካትት።

አጋሮቻችንም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ባዛራችን ስትመጡ አዝናችሁልን አትግዙ። በሐዘኔታ የሚገዛ ሰው አንዴ ገዝቶ ይሄዳል፤ ሥራውን ወዶ የሚገዛ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ሌላም ሰው ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ። ከዚያ ካርዱን አንብቡ። ካልወደዳችሁት ለምን እንዳልወደዳችሁት ንገሩን፤ ከወደዳችሁት ግን የሰዓቱን ዋጋ አትከራከሩን።

የዞማ ጉብኝታችን ወጪ ታክሲና መግቢያ ብቻ ነበር፤ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ፣ ማንም አባል ማየት ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ካርዶች አባዝተን መዝገቡ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናቸዋል። አሁን በእጃችሁ ላይ ሥራ ያላችሁ እህቶች ከመውጣታችሁ በፊት አንድ አንድ ውሰዱ፤ እስካሁን የሠራችሁበትን ሰዓትም ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ መጻፍ ጀምሩ።